ደም ግፊትን ቤት ውስጥ መለካትና ልብ እንዳይወፍር መጠበቅ

ደም ግፊት ሳያሳምም ልብን ይለውጣል። አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው ሆርሞን የልብ ጡንቻ ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይበዛል። ካልሲየሙ ካልሲኒውሪን የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ካልሲኒውሪን ደግሞ ኤንፋት የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌቱን አራግፎ ጂኖች ወዳሉበት የሕዋሱ ማዕከል (ኒውክለስ) ያስገባዋል፤ እዚያ የእድገት ጂኖች ይነሣሉ። የአዋቂ ልብ ሕዋሳት እምብዛም ስለማይባዙ እያንዳንዱ ይወፍራል። የወፈረው ግድግዳ በደንብ ስለማይላላ ልብ ደም አይሞላለትም፤ ውሎ አድሮ ይደክማል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ማልዶ የሚሮጥ አትሌት ልብም ያድጋል፤ ያ ግን በአብዛኛው ኤኬቲ በተባለ ሌላ ፕሮቲን በኩል የሚመጣ ጤናማ እድገት ነው።

ሲለኩ ብርዱን አይርሱ። የመንዝ ወይም የአንኮበር ጠዋት ብርድ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከደጅ እንደገቡ አይለኩ። ቡና ከጠጡ ወይም ሲጋራ ካጨሱ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጋቢውን አውርደው የሹራቡን እጅጌ ጨርሰው ያውልቁ፤ ወደ ላይ የተጠቀለለ እጅጌ ክንድ አንቆ ቁጥሩን ያዛባል። የመለኪያውን ጨርቅ ከክርን መታጠፊያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ባዶ ክንድ ላይ ይጠምጥሙ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከተጠቀሙ ግፊቱ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቁጥሩ ወደ 8 ያህል ይጨምራል። እየለኩ አያውሩ።

ጠዋት መድኃኒት ሳይወስዱ ሁለት ጊዜ፣ ማታም ሁለት ጊዜ፣ በየመካከሉ 1 ደቂቃ እያረፉ ለ7 ቀን ይለኩና ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ መዝገቡን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን ሁለት እንዳይመረት ያግዳል፤ ሎሳርታን ደግሞ የሆርሞኑን ተቀባይ ይዘጋል። ስለዚህ ቁጥር ከማውረድ አልፈው ልብን የሚያወፍረውን መልእክት ይቆርጣሉ፤ የወፈረውም ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል። «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ ማቆም መልእክቱን እንደገና መክፈት ነው፤ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣብዎ ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን ሊቀይርልዎ ይችላል። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ሕክምና ያግኙ። ነፍሰ ጡር ሁለቱንም አትወስድም።

የቀን ጨው በሙሉ ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ይሁን። በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ከገባበት ወጡ ላይ አይድገሙ።

ግፊቱ 180/120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን ሰውነት መዛል ካለ እንደገና ለመለካት ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።