የኤም ጂ ቢ ሞተርን ለዳይኖ ሙከራ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

የመጀመሪያ ሞተሬን የሞተር ጉልበት በሚለካው ማሽን፣ ዳይኖ ላይ ያስጫንኩ ዕለት ግማሽ ቀን ያለቀው ቤንዚን የሚተፋ ካርቡራተር ስነካካ ነው። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። ቴስታታው ተሠርቷል፣ ፋሻው አዲስ ነው፣ እያንዳንዷን ዳዶ ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው። ሳልጠይቅ የቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙከራ ክፍሉ የቤንዚን ግፊት ስንት እንደሆነ። የዳይኖ ክፍል በሰዓት ስለሚከፈልበት ያ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ አስወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ይዤ ወደ ክፍሉ አልገባም። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ያችን ግማሽ ቀን እንዳያጣት ብዬ ነው።

ምሳሌ የማደርገው ኤም ጂ ቢ የምትባለውን አሮጌ መኪና ሞተር ነው። መኪናዋ እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ስትሠራ ቆይታለች። ቢ ሲሪዝ የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ 1798 ሲሲ ነው። ፋብሪካው በደቂቃ በ5400 ዙር 95 የፈረስ ጉልበት፣ በ3000 ዙር ደግሞ 149 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል ብሎ አውጥቶ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዟቸው፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ዳይኖ ሞተሩን በልኩ እየያዘ፣ በዚያው ቅጽበት የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚለካ ፍሬን ነው። በውሃ የሚሠራውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1877 የፈለሰፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ ሲሆን፣ ያሰበውም ለመርከብ ሞተሮች ነበር። ጉልበቱ በስሌት ይመጣል፦ ኒውተን ሜትሩን በዙር አባዝቶ ለ9549 ማካፈል፤ የሚገኘው ኪሎ ዋት ነው። መኪናዋን እንዳለች ተሽከርካሪ በርሜል ላይ አቁሞ ከጎማ የሚለካ ዳይኖም አለ። እዚህ የማወራው ግን ከመኪናው ወጥቶ ለብቻው ስለሚፈተን ሞተር ነው።

መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ለሙከራ ክፍሉ ባለሙያ አራት ጥያቄ ያቅርቡለት። ከሞተሩ ጀርባ ጋር የሚገጥም ማያያዣ አለው? ከእኔ ምን ምን ይፈልጋል፤ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር እግሮች፣ የጭስ ማስወጫ ማኒፎልድ? ሞቶሪኖው ከየትኛው ወገን ነው የሚገባው? የቤንዚን ግፊቱስ ስንት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የእኔን ግማሽ ቀን የበላው ነው። ኤም ጂ ቢ ላይ ያለው ኤስ ዩ የሚባለው ካርቡራተር የሚፈልገው 0.2 ባር ገደማ ብቻ ነው። ዘመናዊ ባለ ኢንጀክሽን ሞተሮች በ3 ባር አካባቢ ይሠራሉ። ያ ግፊት በካርቡራተሩ ተንሳፋፊ የቤንዚን መዝጊያ ላይ ሲመጣ መዝጊያው አይችለውም፤ ቤንዚኑ በላይ ይፈሳል፣ የጋለ ማኒፎልድ ላይ ከወረደም እሳት ነው። ግፊት መቀነሻ እንዳለ በቃል ያረጋግጡ፤ ከሌለ የራስዎን ይዘው ይሂዱ።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ፖዘቲቩ ነው ከቦዲው ጋር የሚታሰረው። የመኪናዋን ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን (ማቀጣጠያ) ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ባለሙያው ገመድ ከማያያዙ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

ጤናውን ቤት ይመርምሩ

አራቱንም ካንዴላ ያውጡ፣ የካርቡራተሮቹን ቢራቢሮዎች (የአየር መክፈቻዎቹን) እስከ መጨረሻ ይክፈቱና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለኩ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ነው የሚታየው። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ ለዳይኖ አልደረሰም፤ ቫልቩን ወይም ፋሻውን ይመልከቱ።

የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ካምሻፍቱ የፋብሪካው ካልሆነ ግን አብሮት የመጣውን ወረቀት ይከተሉ። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው፤ አሮጌ መካኒኮች የሚጠቀሙበትን የዘጠኝ ድምር ያስታውሱ። 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 7ኛው ሲከፈት 2ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን እያሉ ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ሁለቱ ተደምረው ዘጠኝ ይሆናሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ላይ ያለችው ምልክት እውነቷን ነው? አንዳንዱ ፑሊ በመካከሉ የጎማ ቀለበት አለው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጎማው ይለቅና የውጪው ብረት ከነምልክቱ ይንሸራተታል። ያኔ የማቀጣጠል ጊዜ መለኪያው መብራት የሚያሳይዎት አድቫንስ (ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀድም) ሁሉ ውሸት ነው፤ ዳይኖ ላይ በዚያ ውሸት ሞተሩን ማቃጠል ይቻላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በ1ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያቆም ብሎን ያስገቡ። ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው እስኪቆም በአንድ ወገን ያዙሩና ፑሊው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በተቃራኒው ወገን እስኪቆም አዙረው ሌላ ምልክት ያድርጉ። የሁለቱ ትክክለኛ መካከል ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበት ነጥብ ነው። የፑሊው ምልክት እዚያ ካልወደቀ በነጭ ቀለም አዲስ ይሳሉ። በዚያው ከጫፉ ነጥብ በፊት ያለውን 32 ዲግሪንም ምልክት ያድርጉበት፤ በሙከራው ቀን ይፈለጋል።

ዘይት

ቢ ሲሪዝ ላይ የዘይት ፖምፑን የሚነዳው ካምሻፍቱ ነው፤ የዲስትሪቢዩተሩ ማርሽ ለብቻው ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ሞተሮች እንደሚደረገው በዲስትሪቢዩተሩ ቀዳዳ ድሪል አስገብቶ ፖምፑን ማሽከርከር አይቻልም። ፖምፑ ሲገጠም በዘይት ይሞላል። በኋላም ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ኢግኒሽኑ ተለያይቶ፣ የዘይት መለኪያው ግፊት እስኪያሳይ በሞቶሪኖ ይሽከረከራል። ቶሎ ካልመጣ ሞቶሪኖውን እያሳረፉ ይሞክሩ። ግፊት ያላሳየን ሞተር በምንም ምክንያት አያስነሱ።

ከሲሊንደሩ ብሎክ ጀርባ የሚወጣ የዘይት መስመር አለ፤ በዘይት ማቀዝቀዣው ዞሮ ወደ ፊልትሮው ይመለሳል። ሞተሩ ከመኪናው ሲወጣ ማቀዝቀዣው መኪናው ላይ ይቀራል። መውጫው ክፍት ሆኖ ሞተሩ ከተነሳ ዘይቱ በሰከንዶች ውስጥ ወለሉ ላይ ነው። ብሎኩን ከፊልትሮው በቀጥታ የሚያገናኝ ቱቦ ያዘጋጁ፤ ወይም ማቀዝቀዣውን ራሱን ይዘው ይሂዱ።

ዘይቱ ዚንክ የበዛበት፣ ለአሮጌ መኪኖች የሚሸጠው 20ደብሊው50 ይሁን። የዚህ ሞተር ታፔት (ካምሻፍቱ እየገፋው ቫልቩን የሚያስከፍተው ክፍል) ከካምሻፍቱ ጋር ተፋቅቶ የሚሠራ ነው፤ በብዙ ዘመናዊ ዘይቶች ውስጥ የቀነሰው ዚንክ ለእሱ ጋሻው ነበር። መቀየሪያ የሚሆን ሁለተኛ ዘይትና ሁለተኛ ፊልትሮ ከወዲሁ ይግዙ።

ውሃ

እዚህ ብዙ አላቆያችሁም። የሙከራ ክፍሉ የራሱ ማቀዝቀዣ ስላለው ራዲያተሩን መሸከም አያስፈልግም። የካቢን ማሞቂያው ሁለት መውጫዎች በአንድ ጎማ ይገናኙ ወይም ይደፈኑ። የ82 ዲግሪ ቴርሞስታት ይግጠሙ። ዲናሞውን ለማውጣት ከፈለጉ የውሃ ፖምፑን የሚነዳው ቺንጋ የሚወጠረው በእሱ መሆኑን አይርሱ፤ እኔ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳላያይዝ እዚያው እተወዋለሁ።

ካርቡራተሮቹ

ሁለቱ ኤስ ዩዎች የዚህ ሞተር ነፍስ ናቸው። በውስጣቸው የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን አለ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለችው ቀጭን መርፌ የቤንዚኑን መጠን ትወስናለች። መርፌዋ ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ ስለሆነ፣ ፒስተኑ በወጣ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ታሳልፋለች። ማስተካከያውን ዳዶ ማዞር መርፌዋን በሙሉ ያወፍራታል ወይም ያቀጥናታል እንደ ማለት ነው፤ በ2500 ዙር ልክ ሆኖ በ5000 ቤንዚን የሚያጥረው ሞተር ግን የሚድነው መርፌ በመቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌ ይዘው ይሂዱ። ኤች ኤስ 4 ለሚባለው የኤስ ዩ ካርቡራተር የተለመደው ቁጥር 5 ነው፤ ቤንዚን የሚጨምረው 6፣ የሚቀንሰው 21። የእያንዳንዳቸውን ጥንድ በኪስ መያዝ ከተጨማሪ የዳይኖ ሰዓት እጅግ ይረክሳል።

ፒስተኑን በጣት አንስተው ይልቀቁት፤ ጠቅ ብሎ መውደቅ አለበት። ከተያዘ መርፌዋ በጀቱ (ቤንዚኑ በሚወጣበት ቀዳዳ) ልክ መሃል አልገባችም ማለት ነው። በላይ ያለውን የዘይት ጉድጓድ ይሙሉ። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር መሳባቸውን በቀጭን ጎማ እያዳመጡ ያስተካክሉ። ቀጥሎ የጋዝ ገመዱ መያዣ እስከ መጨረሻ ሲጎተት ቢራቢሮዎቹ በእርግጥ ጠፍጣፋ ሆነው ይከፈቱ እንደሆነ በዓይን ይዩ። በዚህች ብቻ ብዙ የፈረስ ጉልበት ይጠፋል፤ ባለቤቱም ካምሻፍቱን ሲወቅስ ይውላል።

ቤንዚኑ መንገድ ላይ የሚጠቀሙበት ራሱ ይሁን። እንግሊዝ ውስጥ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነው፤ ለአሮጌ የጎማ ቱቦና ማሸጊያ ደግሞ ኢታኖል ጠላት ነው። ስለዚህ ሱፐሩን ይምረጡ፤ ኦክቴኑም ከፍ ያለ ነው።

ኢግኒሽን

አዲስ ካንዴላ፣ ክፍተቱ 0.64 ሚሊ ሜትር። ፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቆራረጫ) 0.35 እስከ 0.40። የማቀጣጠል ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ሲሆን ዲስትሪቢዩተሩ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ይዞራል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶችና ስፕሪንጎች ዝገው ከተጣበቁ አድቫንሱ አይከፈትም፤ ከፍተው ያጽዱና ጠብታ ዘይት ይስጧቸው።

ሞተሩ አዲስ ከሆነ ማለማመድ

አዲስ ካምሻፍትና ታፔት ያለው ሞተር ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2000 እስከ 2500 ዙር መካከል ከፍ ዝቅ እያለ መሥራት አለበት። ታፔቱ የሚቀባው ከክራንክ ሻፍቱ በሚረጨው ዘይት ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ይደርቃል። ሞተሩ በአንድ ሙከራ እንዲነሳ የካርቡራተሮቹ ቤንዚን ቀድሞ ይሞላ፣ ማቀጣጠያውም ሞተሩ ሳይነሳ 10 ዲግሪ ላይ ይደረግ። ከዚያ ጭነቱ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚለማመደው በጭነት ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። 11ዱ የቴስታታ ዳዶዎች ከመሃል ወደ ዳር በተራ፣ እያንዳንዱ በጥቂቱ ተፈትቶ፣ በ68 ኒውተን ሜትር ይታሰሩ። ከ11ዱ አንዳንዶቹ ሮከሩንም (ቫልቮቹን የሚጫነውን ክፍል) የሚይዙ ስለሆኑ ቫልቮቹ ሁሉ እንደገና መለካት አለባቸው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀጠሮውን ሲይዙ ያስቡበት።

በሙከራው ቀን

ዘይቱ 70 ዲግሪ ሳይደርስ ሙሉ ጋዝ አይሰጥም። ግፊቱ ሙቅ ሞተር ላይ፣ በሥራ ዙር፣ ከ3.5 እስከ 5.5 ባር መካከል ይጠበቃል፤ በድንገት ሲወርድ ያየ ማንም ሰው ሳይጠይቅ እንዲያጠፋ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አድቫንሱን ከ28 ዲግሪ ጀምረው ወደ 32 ቀስ ብለው ይውጡ። ጉልበት መጨመሩን ባቆመበት ይቁሙ። ዙሩን ደግሞ እስከ 1964 በተሠሩት ባለ ሦስት ብሮንዚን ክራንክ ሻፍቶች ላይ ከ5500 አላሳልፍም።

ማስተካከያ ከመጀመርዎ በፊት ምንም ሳይነኩ ሦስት ጊዜ ያስለኩ። ሦስቱ ካልተቀራረቡ የሚቀጥለው ለውጥ የሚናገረው ነገር አይታመንም። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር።

በሙሉ ጭነት የአየርና የቤንዚኑ መጠን ከ12.5 እስከ 13 ለ1 ይፈለጋል። ይህን የሚያነበው የኦክስጅን ሴንሰር በጭስ ቱቦው መገናኛ ላይ ስለሚገባ መቀመጫው ቀድሞ ይበየድ። ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ የዚህ ሞተር ቴስታታ ላይ 1ኛውና 2ኛው ሲሊንደር በአንድ መግቢያ ይተነፍሳሉ፣ 3ኛውና 4ኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ድርሻቸው እኩል አይደለም፤ ሴንሰሩ የሚያሳየው አማካዩን ነው። አራቱን ካንዴላ አውጥተው ቀለማቸውን ጎን ለጎን ሳያዩ አይሂዱ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ለአየሩ የታረመ መሆኑንና በየትኛው መለኪያ እንደታረመ ይጠይቁ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የሚለካ ሞተር በሳሳ አየር ምክንያት ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል፤ እርማቱ ያንን ለመመለስ የሚደረግ ስሌት ነው። እንግሊዝ ውስጥም የዝናብ ቀንና የፀሐይ ቀን እኩል አይደሉም። 95ቱ የፈረስ ጉልበት አልመጣም ብለው ወዲያው አይዘኑ። ፋብሪካው የለካበት ሁኔታ የእርስዎ ክፍል አይደለም። የመጠምዘዝ ኃይሉ መስመር 3000 አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ሳይሰበር ቀስ ብሎ ከወረደ ሞተሩ ደህና ነው።

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ፣ የመርፌውን ቁጥርና የማስተካከያ ዳዶውን ዙር ይጻፉ። መኪናው ላይ ያለው የአየር ፊልትሮና ማርሚታ ከክፍሉ የተለዩ ናቸውና፣ ከገጠሙት በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ካንዴላዎቹን አንድ ጊዜ አውጥተው ይመልከቱ።