ምግብ እምቢ ያለ የቤት እባብን መርዳት

እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ፣ ከቀዘቀዘ የዋጠውን መፍጨት አይችልም፤ ስለዚህ ምግብ ሲተው አስቀድሞ መታየት ያለበት ሙቀቱ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ፣ በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎ ፀሐይ በማይገባባቸው ክፍሎች፣ የኅዳር ሌሊት ቦል ፓይተን ለሚባለው መርዝ የለሽ የቤት እባብ እጅግ ይበርዳል። እባቡ የሚኖርበት ሳጥን አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ሌላው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ፤ በእጅ ዳብሶ መገመት ፈጽሞ አይበቃም። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከሳጥኑ ጥግ ያኑሩ።

ዓይኑ እንደ ወተት ከደፈረሰ ቆዳውን ሊገፍ ነውና፣ እስኪጨርስ ይታገሡት። ከዚያም ከወገቡ ውፍረት ያልበለጠች፣ ከፍሪዘር ወጥታ በሙቅ ውኃ የሞቀች የሞተች አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ይዘው፣ ማምሻውን ከመደበቂያው ደጃፍ በቀስታ ያንቀሳቅሱለት። ምላሱን እያወጣ አንገቱን ወደ ኋላ ከሰበሰበ ሊወረወር ነውና ትንፋሽዎን ዋጥ አድርገው ይጠብቁ። እምቢ ካለ ሳምንት ይተዉት፤ በየቀኑ መጎትጎት ፍርሃቱን ያባብሰዋል፣ በግድ ማጉረስም ሊጎዳው ይችላል።

ጤናማ ጎልማሳ ለወራት ሊጾም ይችላል። ሆኖም በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፤ ከክብደቱ አሥር በመቶ ካጣ ወይም ሲተነፍስ አፉ አረፋ ካወጣ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።