ከየት ነው የመጣኸው? ከጎንደር ጋራዥ የመኪና ችግርና መፍትሄ

መኪና ተበላሽቶ ሲመጣልኝ ቶሎ ኮፈን አልከፍትም። መጀመሪያ ሾፌሩን "ከየት ነው የመጣኸው?" እለዋለሁ። ቀጥዬ "ሲበላሽብህ ዳገት ላይ ነበርክ ወይስ ቁልቁለት?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። "መኪናው እዚህ ቆሟል፤ የመጣሁበት ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል።

ብዙ ያደርግልኛል። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በአዘዞና በአይከል አድርጋችሁ መተማ ስትወርዱ ከ800 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ትገባላችሁ። በዳባት አድርጋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። ቆላው የሚጎዳው ዕቃ ሌላ ነው፣ ደጋው የሚጎዳው ሌላ፣ ቁልቁለቱ የሚጨርሰው ሌላ። መንገዱን ካወቅሁ ፍለጋዬ በግማሽ ይቀንሳል። ባለቤቱም ያልተበላሸ ዕቃ ከመግዛት ይድናል።

ከመተማ ሲወጣ ውሃ ያፈላል

ይሄ የህዳርና የታህሳስ በሽታ ነው። ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ከመተማ ይነሳል። ሜዳው ላይ ሰላም ነው። ዳገቱን ሲይዝ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሩ ይቆማል፣ ውሃ ይጨምራል፣ ትንሽ ይሄዳል፤ እንደገና ያፈላል። ጎንደር ገብቶ ጭነቱን አራግፎ ሲዞር ግን ምንም አይለውም።

መቼ እንደሚግል ለዩልኝ። ቆሞ ሞተሩ ሲሰራ የሚግል፣ ሲሄድ ግን የሚበርድ ከሆነ ፋኑን ተጠራጠሩ። ጭኖ ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ራዲያተሩንና ክዳኑን። ቆሞም ሄዶም ከጋለ የውሃ ፖምፓው ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና ላዩን በሚከድነው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

ከሁሉም በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ይህን የምለው አንድ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ አዛውንት ሾፌር የሚያፈላ መኪና አመጡልኝ። ሳላጣራ "ጋሼ፣ ጓርኒሲዮን ነው" አልኳቸው። ቴስታታውን አወረድኩ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ገጠምኩ። በሦስተኛው ቀን መኪናው እያፈላ ተመለሰ። ችግሩ የክዳኑ ጎማ ነበር፤ ደርቆ ተሰንጥቋል። ሰውዬው አልተቆጡኝም። የሰሊጥ ጊዜ ላይ አራት ቀን ከሥራ ስላስቀረኋቸው ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ የጎማ ቀለበት ይህን ያህል ለምን ያስቸግራል? ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጎንደር ላይ በክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላ እዚህ ከመተማ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚሁ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ደግሞ 82 ዲግሪ አካባቢ ላይ መከፈት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው። ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊት ያለበት ውሃ ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ከክፍት ድስት አይሻልም። ስትቀይሩት ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ወደ ራዲያተሩ እለፉ። የቆላ አቧራና ገለባ ከፊት ይሸፍነዋል። ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየለቀቃችሁ እጠቡት። ግፊቱን ቀነስ አድርጉት፤ ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ቺንጋው (ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) እንዳልላላና እንዳልተተለተለ ተመልከቱ። ቀጥሎ ፋኑ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ግፉት። ጤነኛ ከሆነ እጃችሁን ይይዛል። እንደ እንዝርት ብዙ ዙር ከሾረ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን አልቋል።

ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማጣሪያውም ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለም ውሃ ገብቶበታል። ያኔ ቴስታታው ይውረድ። ሲወርድም ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይራችሁ አትግጠሙት። መጣመም አለመጣመሙ ይለካ፣ ካስፈለገም ይላጭ።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉ። "አወጣነው፣ ተገላገልን" የሚሉ ብዙ ናቸው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ በራዲያተሩ ሳያልፍ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ መተማ ላይ ጭራሽ ይብስበታል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሰራ ናፍታ ይጨርሳል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። ሁለተኛው ልመናዬ የጋለ ራዲያተር አትክፈቱ ነው። ፊቱ የተቃጠለ ረዳት አይቻለሁ። የራዲያተሩ የላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦው) በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ እስኪሆን ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታ ይሰነጥቃል። የወንዝ ውሃም ለጭንቅ ጊዜ ብቻ ነው። ከተማ ስትደርሱ አጥባችሁ ኩላንት ሙሉበት።

ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እምቢ አለ

ሊማሊሞን ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ናቸው የሠሩት። ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። እዚያ ፍሬን ያስቸገረው ሾፌር ሲመጣ የምጠይቀው "ፔዳሉ እግርህን ምን አለው?" ብዬ ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

አንደኛው "ፔዳሉ ጠንካራ ነበር፣ መኪናው ግን አልቆም አለ፣ የተቃጠለ ይሸታል" ይላል። እዚህ የፍሬን ሸራው ነው የጋለው። ሸራ ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዙን ያቆማል። ታምቡሮውም (ሸራው የሚይዘው የብረት ከበሮ) በሙቀት ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። መፍትሄው ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ታምቡሮ በውሃ ይሰነጠቃል። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉና ጠብቁ። ስትሄዱ ድንጋዩን ከመንገድ አንሱት፤ ማታ ለሚመጣው ሞት ነው። ጋራዥ ሲደርስ ታምቡሮው ይፈታ። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይቀየር።

ሁለተኛው "ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ፣ ወለል ድረስ ገባ" ይላል። እዚህ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው፤ ወይም ፈስሷል፤ ወይም አየር ገብቶበታል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ይችላል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። የቁልቁለት ሙቀት እዚያ ይደርሳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። አሳሳቹ ነገር ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ መመለሱ ነው። ሾፌሩ "ተሻለው" ብሎ ይሄዳል። አልተሻለውም። ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ላዩ ላይ እየጨመረ ነው የሚነዳው። በየሁለት ዓመቱ አሮጌው ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ አየሩም በደንብ ይውጣ። የጎማዎቹን የውስጥ በኩል እዩ፤ ርጥብ ከሆነ የፍሬኑ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አርጅቷል።

የንፋስ ፍሬን ላላቸው ሲኖዎች አንድ ነገር ልጨምር። የንፋስ ጋኑን ውሃ በየቀኑ አውጡት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ አዳምጡ፤ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ካልቆመ የሚያፈስ ቦታ አለ። ንፋስ ሲያንስ የሚጮኸውን ደወል ሽቦ የሚቆርጡ አሉ። እባካችሁ አትቁረጡት።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ማርሹን ከመውረዳችሁ በፊት ያዙ፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ አይገባላችሁም። ናፍታ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነቅሎ በነፃ የሚወርድ አለ። ምንም አይቆጥብም። ማርሽ ይዞ፣ የነዳጅ መርገጫውን ለቆ የሚወርድ ዘመናዊ ናፍታ ሞተር ነዳጅ መርጨቱን ጭራሽ ያቆማል።

ጉልበት አነሰው፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል

ይህን ቅሬታ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቆላ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። "ታች ደህና ነበር" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጎንደር ላይ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጭነት መቀነስ ነው መድኃኒቱ።

ጭሱ ከበዛ ግን የአየር ፊልትሮውን አውጡ። ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል። የመተማ አቧራ ፊልትሮውን እንደ ጭቃ ግድግዳ ነው የሚደፍነው። ቱርቦ ያለው ከሆነ ከቱርቦ የሚወጣውን ማኒኮቶ በእጃችሁ ዳብሱት። ዳገት ላይ የሚያፏጭ ከሆነ ተቀዷል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ናፍታውን ወደሚረጨው ኢንጀክተርና ወደ ናፍታ ፖምፓው እሄዳለሁ። "ጉልበት ይጨምርልህ" ተብሎ ፖምፓው የተከፈተበት መኪና አጋጥሞኛል። ቆላ ላይ ይሮጣል። እዚህ ያን ሁሉ ናፍታ የሚያቃጥል አየር የለም፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ ደባርቅ ጠዋት ላይ ታይቶ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙ አትጨነቁ። ነጭ ሆኖ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ከላይ ወዳለው የጓርኒሲዮን ነገር ተመለሱ።

ጠዋት አልነሳ ይላል

ጆሮ እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ ነው። "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ነው። በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ነዳጅ ነው።

ባትሪውን ሳትለኩ አትግዙ። አድሮ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሳምንቱ ይሞታል። ሁለት ባትሪ ያላቸው ከባድ መኪኖች ላይ አንዱን ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው። አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሞታል። ከመለካት በፊት ግን የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃ እጠቡና አጥብቁ። ነጭ ዱቄት ብቻ ሆኖ የተገኘበት ቀን ብዙ ነው።

በነዳጅ በኩል መጀመሪያ የምጠይቀው "ከማደያ ነው ወይስ ከጀሪካን?" ብዬ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሰው ያገኘውን ይቀዳል፤ አልፈርድበትም። የጀሪካን ናፍታ ግን ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ከፊልትሮው ሥር ትንሽ ናፍታ በባዶ ሃይላንድ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ታንኩ ይራገፍ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ከዚያ በእጅ ፖምፓው አየሩን አውጡ። ፖምፓው እስኪጠነክር ግፉ። ዘመናዊ ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ውሃ እንዳለበት እያወቃችሁ ደጋግማችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። ኢንጀክተሮቹ ውሃ አይችሉም፤ ዋጋቸውም ሰው ያስለቅሳል።

"ዉዉዉ" የሚል ድምፅ

ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ድምፅ ብዙ ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት) ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በዝግታ ወደ ግራ ያዝ አድርጉ። ድምፁ ከጨመረ ቀኝ ነው፤ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚሄድ። ወደ ቀኝ ስትይዙ ከጨመረ ግራ ነው።

ባጃጅ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል

ሰው ጭኖ ዳገት ሲጀምር የሚንተፋተፍ ባጃጅ ሲመጣ ካንዴላውን አወጣለሁ። ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ፊልትሮውን አጽዱ፤ ካልተስተካከለ ካርቡሬተሩ ይታይ። ርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት እየወጣ ነው፤ ያ የፒስተን ፋሻ ነው። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ግን ካንዴላው ጤነኛ ነው፤ መልሱትና የፍሪሲዮኑን ካቮ (ሽቦውን) ፈትሹ።