ፔዳሉ ወረደ፣ መኪናው ግን ቆመ፦ የባለሁለት መስመር ፍሬን ችግርና መፍትሄ

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና የሚወርድ አሽከርካሪ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ በድንገት ዝቅ አለበት፤ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ግን ያዘለትና መኪናው ከወትሮው ራቅ ብሎ ቆመ እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ያው ይይዛል» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ያ መኪና የቆመው በመጠባበቂያው መስመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መጠባበቂያ የለውም።

ፔዳሉ በድንገት ዝቅ ብሎ ሲይዝ

ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ፍሬን በሚገፋው የፍሬን ማስተር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች በአንድ ሲሊንደር ፊትና ኋላ ተደርድረው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የዘይት መስመር ይገፋሉ። አሜሪካ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ባለሁለት መስመር ፍሬንን ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ አድርጋለች። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ሲያፈስ የዚያ መስመር ፒስተን የሚቋቋመው ዘይት ስለሌለ ባዶውን ይጓዛል። ለፔዳሉ የሚቀርበው ፒስተን ከሆነ ከፊቱ ያለውን ፒስተን ብረት ለብረት እስኪነካ፣ የፊተኛው ከሆነ ደግሞ የሲሊንደሩን መጨረሻ እስኪነካ ድረስ፣ ጤነኛው መስመር በቂ ግፊት አያገኝም። እግራችን የሚሰማው መውረድ ይህ ባዶ ጉዞ ነው።

የሚቀረው የማቆም አቅም እንደ መስመሮቹ አከፋፈል ይለያያል። መስመሮቹ በሰያፍ በተከፈሉበት መኪና አንድ የፊትና የተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ስለሚቀሩ ግማሽ ያህሉ አቅም አለ። ፊትና ኋላ ተብለው በተከፈሉበት ግን የፊተኛው መስመር ከሄደ የሚቀረው ትንሹ ድርሻ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን፣ በቁልቁለት ደግሞ ይበልጥ ስለሚጫን፣ የኋላ ጎማዎች ብቻቸውን ብዙ አይዙም።

መፍትሄው ማርሽ ቀንሶ ዳር መያዝና መኪናውን አስጭኖ ወደ ጋራዥ መውሰድ ነው። የዘይት መያዣው ውስጡ በግድግዳ የተከፈለ ከሆነ የትኛው ክፍል እንደጎደለ ማየት የትኛው መስመር እንዳፈሰሰ ይጠቁማል። ከዚያም የጎማዎቹን የውስጥ ጎን፣ ተጣጣፊዎቹን የጎማ ቱቦዎች፣ የብረት ቱቦዎቹንና የታምቡሮቹን (ከጎማው ጋር የሚዞሩትን የፍሬን ከበሮዎች) ጀርባ መመልከት ይገባል። የሚያፈሰውን ቱቦ ቀጥቅጦ በመዝጋት «ለጊዜው» መሄድ አንዳንድ ጊዜ ይታያል፤ ይህ የአንድ ጎማን ፍሬን ሆን ብሎ ማጥፋት ስለሆነ ጥገና ሊባል አይችልም።

መብራት ላይ ቆመው ፔዳሉ ቀስ እያለ ሲሰምጥ

በሜክሲኮ አደባባይ ሰልፍ ውስጥ እግርዎ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደና ከውጭ ምንም ፍሳሽ ካልታየ፣ ጥርጣሬው የማስተሩ ጎሚኒ (ዘይት በፒስተኑ ዙሪያ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ላስቲክ) ላይ ይወድቃል፤ ዘይቱ ከፒስተኑ ፊት ወደ ኋላው ያመልጣል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ አጥብቆ በመያዝ ይረጋገጣል። ዘይቱ ቢጎድልና ፍሳሹ ካልተገኘ ደግሞ ማስተሩ ከሰርቮው (በአየር ግፊት የእግርን ኃይል ከሚያግዘው ክፍል) የሚገናኝበትን ቦታ ይፈትሹ፤ ከዚያ የሚወጣ ዘይት ወደ ሰርቮው ውስጥ ስለሚገባ መሬት ላይ አይታይም።

ከዘይት መስመሮቹ ውስጥ የገባ አየር በሚወጣበት ጊዜ አሮጌ ማስተር ያለውን መኪና ፔዳል እስከ ወለል መርገጥ አይገባም፤ ጎሚኒው ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው የዛገ ክፍል ገብቶ ሊቀደድ ይችላል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል።

ከቁልቁለት በኋላ ፔዳሉ ሲላላና ሲቀዘቅዝ ሲመለስ

ከእንጦጦ ማርያም በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ይህን ሊያየው ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 4» የሚባለው ደረጃ ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲገባው ግን መስፈርቱ ራሱ 155 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። የፈላ ዘይት የሚፈጥረው እንፋሎት ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ፍሬን አይዝም። ሁለት መስመር መኖሩ እዚህ ላይ ብዙም አያድንም፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ዘይት በአንድ ቀን የተሞላና እኩል ያረጀ ነውና አንዱ ሲፈላ ሌላውም ከመፍላት ሩቅ አይሆንም። ዘይቱን አምራቹ ካላሳጠረው በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል።

ፔዳሉ ሲደነድን

ይህ ብዙውን ጊዜ የዘይት መስመሮቹ ሳይሆን የሰርቮው ጉዳይ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ እግርዎን ሳያነሱ ሲያስነሱት ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካላለ ሰርቮው ወይም የአየር ቱቦው ይመርመር። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ጤነኛ ሰርቮም ቢሆን እገዛው ይቀንሳል።

የዳሽቦርዱ ቀይ የፍሬን መብራት ሲበራ

የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መለቀቁን ካረጋገጡ በኋላ ዘይቱን ይመልከቱ። የፍሬን ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ሲያልቅ የዘይቱ መጠን በዝግታ ዝቅ ይላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጎደለ ግን ፍሳሽ አለ ማለት ነው፤ ያንን እየጨመሩ መሄድ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል። ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ ለአፍታ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ነቅሎታል፤ አንዱ መስመር ቢሄድ የሚነግርዎት ፔዳሉ ብቻ ይሆናል።