የቆሰለ ጦር በፖሊቶፒያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖሊቶፒያ የተባለውን፣ ጎሳዎች በየተራ የሚዋጉበትን የስልት ጨዋታ በስልኬ መጫወት በጀመርኩባቸው ወራት የምሸነፈው በወታደር ማነስ ይመስለኝ ነበር። ኮከብ (የጨዋታው ገንዘብ) ባገኘሁ ቁጥር አዲስ ተዋጊ እያሠለጠንኩ ወደ ግንባር እልካለሁ፤ ተቃዋሚዬ ግን በግማሽ ጦር ያሸንፈኛል። በኋላ ሳስተውል ልዩነቱ ያለው የቆሰሉትን በመያዙ ላይ ነው። የስዊድኑ ሚድጂዋን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የዚህ ጨዋታ የማገገሚያ ሕግ በጣም አጭር ነው። ወታደሩ ሳይንቀሳቀስና ሳይዋጋ ተራውን ለማገገም ከሰጠ፣ በራስዎ ወሰን ውስጥ 4፣ ከወሰን ውጭ ደግሞ 2 የጤና ነጥብ ይመለስለታል። ሕጉ አጭር ይሁን እንጂ የሚሠሩበት ስህተቶች ግን ብዙ ናቸው።

የቆሰለን ወታደር እንደ ጤነኛ ማዝመት

ሁሉም ጀማሪ የሚሠራው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ያልተላቀቅሁት ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው የጤና ነጥብ የሚያገለግለው ሞትን ለማዘግየት ብቻ ይመስለዋል። በፖሊቶፒያ ግን ጤናው ሲቀንስ የመምታትም የመመከትም ኃይሉ አብሮ ይቀንሳል።

ተራ ተዋጊውን እንውሰድ። ጤናው 10፣ ማጥቂያው 2፣ መከላከያው 2 ነው። በሜዳ ላይ ሁለት ጤነኛ ተዋጊዎች ሲጋጠሙ አጥቂው 5 ነጥብ ይቀንሳል፣ በአጸፋውም 5 ይቀነስበታል። አሁን 5 ነጥብ የቀረውን ተዋጊ ሙሉ ጤና ባለው ጠላት ላይ ይላኩት። የሚያደርሰው ጉዳት 3 ብቻ ነው፤ የሚመለስበት አጸፋ ግን 6 ስለሆነ እዚያው ይሞታል። ያው ወታደር በራሱ ወሰን ውስጥ አንድ ተራ ቢያርፍ ጤናው 9 ይደርሳል። ያን ጊዜ ጤነኛውን ጠላት ቢመታ 4 ይቀንስበታል፣ 5 ይቀበላል፣ በሕይወትም ይተርፋል።

«እስካርፍ ድረስ ጠላት ይመታኛል» የሚል ይኖራል። ይምታ! 5 ነጥብ ይዞ የቆመ ተዋጊ በጤነኛ ተዋጊ አንድ ምት ይወድቃል። 9 ላይ ያገኘው እንደሆነ ግን 4 ነጥብ ይተርፈዋል፣ መቺውም 4 ያጣል። ስለዚህ እረፍቱ ከሽሽት ይልቅ ምሽግ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ገድሎ ከወሰን መውጣት

ተዋጊ፣ ፈረሰኛ ወይም ሰይፈኛ አጠገቡ ያለውን ጠላት ሲገድል በሟቹ ቦታ ላይ ይቆማል። ይህን ረስቶ በድንበሩ ጫፍ ላይ የሚገድል ተጫዋች፣ ወታደሩ ሳያስበው ከወሰን ወጥቶ ይገኝበታል። በሚቀጥለው ተራ የሚያገግመው በ4 መሆኑ ይቀርና በ2 ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለጠላት ጓዶች የተጋለጠ ነው። ድንበር ላይ ያለውን የመጨረሻ ምት በተቻለ መጠን ለቀስተኛ ይተዉት። ቀስተኛ ከርቀት ቢገድልም ከቦታው አይነቃነቅም።

ሲቪላይዜሽን 6 ከተባለው ሌላ የስልት ጨዋታ የመጣ ተጫዋች ደግሞ ሌላ ልማድ ይዞ ይመጣል። እዚያ ከ100 ነጥብ በከተማ ውስጥ 20፣ በራስ ግዛት 15፣ በገለልተኛ ምድር 10፣ በጠላት ግዛት 5 ይመለሳል። ስለዚህ የቆሰለውን ሁሉ ወደ ከተማ ይጎትታል። በፖሊቶፒያ ከተማና የድንበር ጫፍ ለማገገም እኩል ናቸው። የወሰኑን መስመር ተሻግሮ እንደ ገባ ይቁም፤ ወደ ከተማ የሚያደርገው ጉዞ የሚበላው ተራ ኪሳራ ነው።

ግዙፉን እንደ ተራ ወታደር ማሳረፍ

ማገገሚያው በመቶኛ አይሰላም። 4 ነጥብ ለተራ ተዋጊ ከጤናው አርባ በመቶ ነው፤ ጤናው 40 ለሆነው፣ ግዙፍ ለሚባለው ትልቅ ወታደር ግን አንድ አሥረኛ ብቻ። ሊሞት የደረሰ ግዙፍ በአገሩ ሙሉ ለሙሉ እስኪድን አሥር ተራ ገደማ ይፈጃል። ፐርፌክሽን የሚባለው የጨዋታ ዓይነት በጠቅላላው 30 ተራ መሆኑን ሲያስቡት፣ የጨዋታው ሲሶ በአልጋ ላይ አለፈ ማለት ነው። ግዙፉን ግማሽ ጤና ሳይደርስ መልሱት የምለው ለዚህ ነው። እኔ በአንድ ጨዋታ 6 ነጥብ የቀረውን ግዙፍ «ይቺን ከተማ ብቻ» ብዬ አስገብቼ፣ አንድ ካታፑልት (ድንጋይ ወርዋሪ) ከሩቅ ጨርሶብኛል። ተቃዋሚዬ ምንም አልጻፈልኝም፤ ዝምታው ከስድብ ይብስ ነበር።

የማይንድ ቤንደርን ቅደም ተከተል ማዛባት

ፍልስፍናን የተማረ ጎሳ የሚያሠለጥነው ይህ መነኩሴ መሳይ ሰው በአጠገቡ ላሉ ወዳጆች ሁሉ እስከ 4 ነጥብ ይመልሳል። ዋናው ጥቅሙ ግን የታከመው ወታደር የራሱን ተራ የማያጣ መሆኑ ነው፤ ታክሞ ወዲያው ሊዋጋ ይችላል። ብዙዎች መጀመሪያ ያዋጉና በኋላ ያክማሉ። ወታደሩ አስቀድሞ የቆሰለ ከሆነ ይህ ግልብጥ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ጤና ማለት ጉልበት ስለሆነ ታክሞ ቢዋጋ ምቱ ይከብዳል፣ አጸፋውም ይቀልለታል። ጤናው ሙሉ ከሆነ ግን መድኃኒቱ የሚፈስበት ቀዳዳ የለምና ያዋጉት፣ ከዚያ ያክሙት። ማይንድ ቤንደሩ ማጥቃት የማይችል፣ 10 ነጥብ ብቻ ያለው ደካማ ነው። ከፊት መስመር አያቁሙት።

ማዕረጉን ቸኩሎ መስጠት

ሦስት ጠላት የገደለ ወታደር ቬተራን ለመሆን ይበቃል። ማዕረጉ ከፍተኛ ጤናውን በ5 ከማሳደጉም በላይ ቁስሉን ሁሉ ይሽራል። 2 ነጥብ የቀረው ተዋጊ ማዕረግ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ 15 ይሆናል፤ ያተረፈው 13 ነጥብ በአገሩ ሦስት ተራ ቢያርፍ እንኳ የማያገኘው ነው። ቁልፉ የሚጠብቀው የእርስዎን ትእዛዝ ነውና ወታደሩ ጤነኛ ሳለ አይጫኑት። ግዙፎች ይህ ማዕረግ የላቸውም።

መርዝን እንደ ተራ ቁስል መቁጠር

በመርዝ የሚዋጋውን፣ ሲማንቲ የተባለውን ጎሳ የገጠመ ሰው ያውቀዋል። የተመረዘ ወታደር ሲያገግም መርዙ ይወጣለታል እንጂ ነጥብ አይጨመርለትም። ስለዚህ ሒሳቡን በአንድ ተራ አዘግይተው ይሥሩ።

እስከ መጨረሻዋ ነጥብ መጠበቅ

ስህተቱን ያረመ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። 9 ነጥብ ያለውን ተዋጊ 10 ለማድረስ አንድ ሙሉ ተራ መስጠት 4ቱን ለ1 መሸጥ ነው። እያንዳንዱ ከተማ የሚችለው የወታደር ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፣ የሚያርፈው ሁሉ ለአዲስ ምልምል የሚሆነውን ቦታ ይዞ እንደሚያርፍም አይርሱ። ሁለት ኮከብ የሚያወጣ ተዋጊ 1 ነጥብ ይዞ በጠላት አገር፣ ከራሱ ወሰን አምስት ተራ ርቆ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ አልመልሰውም፤ የአንድ የጠላት ካታፑልትን መንገድ እንዲዘጋ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆሰለ ወታደርዎ በጠላት ከተማ ላይ ቆሞ ከተማውን የመያዝ ዕድል ካለው፣ ማገገምን ይተዉና ይያዙ። እዚያ ቢያርፍ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነው። ከተያዘ በኋላ ግን ምድሩ የእርስዎ ወሰን ስለሚሆን በቀጣዩ ተራ 4 ያገኛል።