መድኃኒት ወስዶም ትሉ የሚመለስበት ውሻ

የገጠር ውሻ ሲታመም ሆዱን እናክማለን። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጸጉሩ ውስጥ ወይም የሚተኛበት አመድ ላይ ነው።

ጅራቱ ሥር ሩዝ የመሰለ ነገር ይታያል

ሲወጣ ነጭ ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ ሰሊጥ ይመስላል። ውሻው መቀመጫውን መሬት ላይ ይጎትታል። ይሄ ከቁንጫ የሚመጣ ኮሶ ነው።

እናቴ ቤት ቡቺን ይሄው ያዘው። ክኒን ገዝተን ሰጠነው፣ በወሩ ተመለሰ። ደገምነው፣ አሁንም ተመለሰ። ሻጩን «ኖራ ነው የሸጥክልን» ልንለው ምንም አልቀረንም። ክኒኑ ግን ሥራውን ሠርቷል። ቁንጫውን የረሳነው እኛ ነን።

የትሉን እንቁላል መሬት ላይ ያለ የቁንጫ እጭ ይበላዋል። እጩ አድጎ ቁንጫ ሲሆን ውሻው ላይ ይወጣል። ውሻው ሲያሳክከው በጥርሱ ይቆነጥጣል፣ ቁንጫውንም ይውጠዋል። በሁለት ሦስት ሳምንት ሩዙ ብቅ ይላል። ቁንጫ የዋጠ ሕፃንም እንዲሁ ሊይዘው ይችላል።

ቁንጫ ካላያችሁ የውሻውን ወገብ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አበጥሩት። የረገፈው ጥቁር ብናኝ ጨርቁን ቀይ ካደረገው አፈር አይደለም፤ ቁንጫው ጠጥቶ ያስወጣው ደም ነው።

ለትሉ ፕራዚኳንቴል በአፍ ይሰጣል፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም። አይቨርሜክቲን ይህን ትል አይነካውም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በዚያው ቀን ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት አድርጉለት። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጦ ውሻ ማጠብ ስንት ቤት አይቻለሁ! ውሻው ይልሰዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ቀጥሎ መኝታው ነው። ጆንያውን ቀቅሉት ወይም አቃጥሉት። አመዱን ጠርጋችሁ ጣሉ። ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትገቡ ቁንጫ እግራችሁን የሚወርረው ለምን ይመስላችኋል? ቁንጫው እጭ ሳለ በሠራው ድር ተጠቅልሎ ለወራት ይጠብቃል፣ የእግር ንዝረትና ሙቀት ሲሰማው ይወጣል። ስለዚህ ጠረጋውም መድኃኒቱም ሁለት ሦስት ወር መቀጠል አለበት።

ዓይኑ ደመና ለበሰ፣ ድዱ ነጣ

ሰው «ሞራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በጊቤ፣ በዴዴሳ ወይም በኦሞ ሸለቆ ከሆናችሁ ግን በቆላ ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን ገንዲን ጠርጥሩ። የቆላ ዝንብ ከብት ብቻ አትነክስም። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ፊቱም ሊያብጥ ይችላል። የእንስሳት ጤና ኬላ ወስዳችሁ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ለከብት የሚወጋው ዲሚናዚን ለውሻም ይሠራል፤ ነገር ግን በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሲበዛ አንጎሉን ይመታዋል። ሐኪሙ መዝኖ ይውጋው እንጂ በጎረቤት እጅ አይሆንም።

ድዱ ነጥቶ ሽንቱ የቀላ ከሆነ ደግሞ ጆሮውንና የጣቶቹን መሃል ፈትሹ። እዚያ መዥገር ይኖራል። መዥገር ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት አይቆጠርም፣ ደም ውስጥ የሚከተው ተውሳክ ግን ከቆላ ዝንቧ አይተናነስም።

ዓይኑ ዙሪያ ጸጉሩ ረገፈ፣ ጥፍሩ ያለልክ ረዘመ

አብዛኛውን ጊዜ የጸጉር መርገፍ እከክ ነው። መተማና ሁመራ አካባቢ ግን ካላዛር የተባለው የተውሳክ በሽታም ይታሰባል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በተሰነጣጠቀ መረሬ አፈር ውስጥ ተደብቃ ማታ ትወጣለች። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተውሳኩ ውሾች ላይ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹም ጤነኛ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ እዚህ በሽታው በዋናነት በዝንቧ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ ውሻ መግደል መላ አይሆንም። ዴልታሜትሪን ያለበት የአንገት ማሰሪያ ካገኛችሁ እሰሩለት። ማሳ ላይ ከውሻው ጋር የሚያድረው ሰው አጎበር ይዘርጋ፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና ግራ ጎኑ ካበጠ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።