የተለመደ ታሪክ የሚደግም የቤተሰብ ሳይንስ ልቦለድ ፊልምን እንዴት እንገምግም?

አንድ የቤተሰብ ሳይንስ ልቦለድ ፊልም ቀድሞ የታወቁ ታሪኮችን ሲደግም፣ «ይህን አይተነዋል» ብሎ የሚያልፍ ገምጋሚ ለአንባቢው የሚጠቅም ነገር አልሰጠም። በመጀመሪያ የተወሰደው የታሪኩ አወቃቀር፣ የገጸ ባሕርያቱ ግንኙነት ወይስ አንድ ሙሉ ትዕይንት እንደሆነ ለይተው ይጻፉ።

ልጅ ከሌላ ዓለም የመጣን ፍጡር ከአዋቂዎች የሚደብቅበት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» በእጅጉ ታውቋል። በ1999 የወጣው የብራድ በርድ «ዘ አይረን ጃያንት» ተቀራራቢ መነሻ ቢኖረውም፣ ታሪኩን በ1957 የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት ውስጥ በማስቀመጥና ግዙፉ ሮቦት የጦር መሣሪያ ላለመሆን እንዲመርጥ በማድረግ የራሱን ጥያቄ አንሥቷል። ስለዚህ መመሳሰል ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የሚመዘነው ፊልሙ በተዋሰው ነገር የሠራው ሥራ ነው።

ለዚህም የስሜቱን ምንጭ ይመርምሩ። የመለያየቱ ትዕይንት የሚያስለቅሰን በዚሁ ፊልም ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲገነባ ባየነው ወዳጅነት ነው ወይስ በሌላ ፊልም ትዝታና በሙዚቃው ጉልበት? የፍጡሩ ችሎታስ ወጥ ሕግ አለው ወይስ ደራሲው በተቸገረ ቁጥር አዲስ ኃይል ይጨመርለታል? ማስረጃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ይጥቀሱ፤ መጨረሻውን ግን አይግለጡ።

ለብዙ ሕፃናት ታሪኩ አዲስ ሊሆን እንደሚችል መግለጽ ተገቢ ነው። ሆኖም «የልጆች ፊልም ነው» በሚል ሰበብ የላላ ድርሰትን ይቅር ማለት ልጆችን መናቅ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈሩ ትዕይንቶች ካሉ ለወላጆች በአጭሩ ያመልክቱ።